አቦሉን ጠጥታ ቶናው የቀረባት ዲኤክስ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። ችግሬ የመኪና ነው ብዬ ስጽፍልዎ ይስቁብኝ ይሆናል፤ ቤቴን እየበጠበጠችው ያለችው ግን እሷው ናት።

አባዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1976 ዓ.ም. የገዟት ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው። እኔ ተወልጄ ወደ ቤት የገባሁት በእሷ ነው። እናቴንም በሕመሟ ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላለስናት በእሷ ነበር። አባዬ ዐይናቸው ደክሞ መንዳት ሲያቆሙ መኪናዋ ስምንት ወር ግቢ ውስጥ ቆመች። አምና ቁልፉን አውጥተው «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት» ብለው ሰጡኝ። ሊብሬው አሁንም በስማቸው ነው።

ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሁለት ሦስት ደቂቃ ምንም አትልም። ልጆቹን አስገብቼ ከግቢ ልወጣ ስል ሳል ሳል ይላታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጠፋለች። እንደገና ስሞክር ሞተሪኖው ብዙ ዞሮ በመከራ ትነሳና ግማሽ ደቂቃ እንኳ አትቆይም። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች። ባለቤቴ በየጠዋቱ በጭቃ ውስጥ ሲገፋት ጫማው አለቀ። «ሽጫት፣ ካልሆነም ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ውሰጃት» ይላል።

መካኒካችን የአባዬ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሲመጡ መጀመሪያ ከአባዬ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ኮፈን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እስካሁን ባትሪ፣ ካንዴላና ኮይል አስቀይረውናል። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈትተው አጥበዋል። ከታንከሩ የሚመጣውንም ጎማ ነቅለው በአፋቸው እፍ ይሉበታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ደህና ትሆንና ወደ ዱሮዋ ትመለሳለች። ከ20 ሺህ ብር በላይ ወጣ። ባለፈው ካንዴላውን ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አርቀው ሲያዩት ተመለከትኩና ሆዴ ተላወሰ። የእሳቸውም ዐይን ደክሟል መሰለኝ።

ሌላ መካኒክ ጋ ብወስዳት ጋሼ ይቀየማሉ፣ አባዬም ይከፋቸዋል። ዝም ብል ገንዘቡ ያልቃል፣ ባለቤቴም ትዕግሥቱ ያልቃል። የነዳጅ መክደኛዋ እንኳ ጠፍቶ በፌስታል ጠቅልዬ ጨርቅ ወትፌ ነው የምነዳት። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ አልሳቅሁም። አንቺን ወደ ቤት ያስገባች፣ እናትሽን ያመላለሰች መኪና በየጠዋቱ በር ላይ ስትጠፋብሽ የሚያናድድሽ የቤንዚኑ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ባልሽም እኮ አልተሳሳተም። ጭቃ ውስጥ የሚገፋው እሱ ነው፤ ሰው ደግሞ ጫማውን በጭቃ ያበላሸችበትን መኪና በትዝታ ዐይን እንዲያይ አይጠበቅበትም። ጋሼንም በሌባ ዐይን አላየሻቸውም፤ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ሆድሽ የተላወሰው ስለምትወጂያቸው ነው። ስለዚህ ከሦስት ሰው አንዱን ምረጪ ብዬ አላስጨንቅሽም። በመጀመሪያ ስለ መኪናዋ ትንሽ እናውራ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አልኩ።

«ከታንከሩ የሚመጣውን ጎማ ነቅለው በአፋቸው እፍ ይሉበታል» ያልሽው ላይ።

ጋሼ ሁለት ቀን የፈወሷት በዚያ እፍታ ይመስለኛል። እንዴት መሰለሽ፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጎድጓዳ አለች። የምትይዘው ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። እንዳንቺ ያለ ትንሽ ሞተር መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው የሚጠጣው። አስዪው እንግዲህ፤ አንዲት ሲኒ ለሦስት ለአራት ደቂቃ ትበቃለች። መኪናሽ የምትቆየው ስንት ነው አልሽኝ? ሁለት ሦስት ደቂቃ። አቦሉን ጠጥታ ቶናውን ስትጠብቅ የሚቀዳላት ያጣች ይመስለኛል። ሁለተኛ ስታስነሻትም ሞተሪኖው ብዙ የሚዞረው ጎድጓዳዋ ባዶ ስለሆነች ነው፤ ከታንከሩ ቤንዚን የሚስበው ፓምፕ በመከራ ያመጣትን ጠብታ ታቃጥልና መልሳ ትጠፋለች።

ታዲያ ማን ከለከላት? ስምንት ወር ቆማለች። ታንከር ጎደል ብሎ ሲቆም በጅማ እርጥበት ባዶው ክፍል ውስጡ ያልበዋል፤ ያላበው ብረት ይዝጋል። የቆየ ቤንዚን ደግሞ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። መኪናዋ ስትነሳ ፓምፑ ይስባል፣ ዝገቱና ዝቃጩ አብሮ ይሳብና ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፤ የተለጠፈው ቀስ እያለ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት አርፋ «ምንም እንዳልነካት» የምትነሳው ለዚህ ይሆናል። ጋሼ እፍ ሲሉ ያንኑ ቆሻሻ ወደ ታንከሩ ይመልሱታል፤ እሱም ሁለት ቀን ቆይቶ ይመለሳል።

ጥርጣሬዬ ይኼ ነው። ሳላያት ግን አልፈርድባትም፤ አንቺ እይልኝ።

የዚያ ዘመን ዲኤክስ ብዙ ጊዜ 4ኬ የሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተር ነው ያላት። የካርቡሬተሩ ጎን ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ መስታወት አለች፤ በቆሻሻ ተሸፍና ስለምትኖር ብዙ ሰው አያያትም። በጨርቅ ጥረጊያትና በስልክሽ መብራት እይ፤ የቤንዚኑ ልክ ወደ መሃሏ አካባቢ መታየት አለበት። ነገ ጠዋት ልጆቹን ሳታስገቢ፣ ባልሽ ቁልፉን ያዙርልሽና አንቺ ኮፈኑ ጋ ቁሚ። ሻርፕሽን አውልቂ፣ ጸጉርሽንም እሰሪ፤ ማራገቢያው አይምርም። ሳል ሳል ሲላት መስታወቷን ተመልከቺ። ቤንዚኑ ወርዶ ባዶ ከሆነች ጉዳዩ ከታንከሩ እስከ ካርቡሬተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ማጣሪያው፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ፓምፑ፣ ወይም ታንከሩ ውስጥ ያለው ወንፊት። መስታወቷ እስከ መሃል ሞልታ እያየሻት ከጠፋች ግን እኔ ተሳስቻለሁ፤ ቤንዚን አለ፣ የጎደለው እሳት ነው፣ ወይም አንድ ቦታ ትርፍ አየር እየሳበች ነው።

ስለ አጠፋፏ ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ መኪና እንደ ሰው ስለሆነች ነው፤ ሁሉም ሕመም አንድ ዓይነት ሳል የለውም። ሞተሩ ተነስቶ ልክ ቁልፉን ከማስነሻው ስትለቂው በዚያችው ቅጽበት ድርግም የሚል ከሆነ ነዳጅ አትጠርጥሪ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ሞተሩ ሲነሳ በአንድ መስመር፣ ከተነሳ በኋላ በሌላ መስመር ነው መብራት የሚያገኘው፤ ሁለተኛው መስመር በአንዲት ነጭ ሸክላ መሳይ ሬዚስተር በኩል ያልፋል። እሷ ከተቃጠለች ወይም የቁልፉ ኮንታክት ካረጀ ለቀቅ ስታደርጊው ያከትማል። ነዳጅ ስትረግጪ ቆይታ እግርሽን ስታነሺ የምትጠፋ ከሆነች ደግሞ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን፣ የሚኒሞውን ቤንዚን የምትከፍተውንና የምትዘጋውን ማግኔት ማየት ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ማለት አለባት። ያንቺ ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ትስላለች። የጠማው ሞተር እንዲያ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ከጅማ ወደ አጋሮ ስሄድ አሮጌዋ መኪናዬ ግማሽ ሰዓት በሄደች ቁጥር ትጠፋብኝ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ መካኒክ ፓምፑ ነው ብሎ አስቀይሮኛል፤ ፓምፑ አዲስ ነው፣ መኪናዋ ያው ናት። ሦስተኛ ጊዜ ስቆም አንድ የጭነት መኪና ረዳት ወርዶ ኮፈኑን ሳያየው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና የነዳጅ መክደኛውን ከፈተ። «ፉፉፉ» አለ፤ ታንከሩ ተነፈሰ። ከገበያ የገዛሁት መክደኛ መተንፈሻ አልነበረውም። ቤንዚኑ ሲወጣ የሚተካው አየር ስለማይገባ ታንከሩ ውስጡ ታፍኖ ነዳጁን ይዞት ነበር። ለአዲሱ ፓምፕ የከፈልኩትን እያሰብኩ እስከ አጋሮ በንዴት ነዳሁ።

ስለዚህ የፌስታልሽን ነገር ሳነብ ደንገጥ ብያለሁ። ያንቺን ሕመም ያመጣው እሱ ነው ግን አልልም፤ የታፈነ ታንከር ብዙ ከተነዳ በኋላ ነው የሚያቆም፣ በሁለት ደቂቃ አይደለም። ሆኖም ያ ጨርቅ በክረምቱ ዝናብና በአቧራው ስንት ነገር አስገብቶ ይሆን? ዛሬውኑ ለዲኤክስ የሚሆን ባለ መተንፈሻ መክደኛ ፈልጊ። ቤንዚን ከመንገድ ላይ በጀሪካን የምትገዢ ከሆነም ትንሽ በንጹሕ ሃይላንድ ቅጂና አንድ ሰዓት አስቀምጪው፤ ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል፣ መስመሩን በዐይንሽ ታዪዋለሽ።

አሁን ወደ ጋሼ።

ልጠይቅሽ እስቲ። የምትፈሪው የጋሼን ቅያሜ ነው ወይስ እሳቸው ከቀሩ አባትሽ ቡና የሚጠጡበት ሰው ማጣታቸውን? አባትሽ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ወዳጃቸው የሚመጡት መኪናዋ ስትበላሽ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች የሚገናኙት በእሷ ሕመም ነው ማለት ነው። ጋሼ ሆን ብለው ያቆዩታል እያልኩሽ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ በአእምሮሽ እንዳይገባ። ብቻ ነገሩን ብትለያዪው ይቀልሻል። ኮፈን በማይከፈትበት ቀን ጥሪያቸው። ለቡና ብቻ።

ለጥገናው ቀን ደግሞ «አልቻሉም» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ፤ መስታወቷ ላይ ያየሽውን ይዘሽ ቅረቢ። እኔ ብሆን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ባለፈው እፍ ያሉባት ጊዜ ሁለት ቀን ደህና ሆና ነበር። ትናንት ስትጠፋ መስታወቷን አየሁ፣ ባዶ ነበረች። ከታንከሩ ቆሻሻ እየመጣባት ይሆን? እስቲ በሃይላንድ እንሞክራት፤ መስታወቷን እኔ ልይልዎት።» ሠላሳ ዓመት ሞተር የሰማ ሰው ይህን ሲሰማ የሚቀየም አይመስለኝም፤ «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም!» ብለው ቢቆጡሽ ነው። ዐይናቸው ቢደክምም ጆሯቸውና እጃቸው አለ፤ ዐይን አንቺ ትሆኛቸዋለሽ።

የሃይላንዱን ሙከራ ያውቁታል። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚገባው ጎማ ይነቀልና በምትኩ አንድ ንጹሕ ጎማ ከፓምፑ ወደ ንጹሕ ቤንዚን ጠርሙስ ይነከራል። ሞተሩ ከጠርሙሱ እየጠጣ አሥር ደቂቃ ሳይስል ከሠራ ፓምፑም ካርቡሬተሩም ነጻ ናቸው፤ በሽታው ከኋላ ነው፣ ማጣሪያው፣ ቱቦው ወይም ታንከሩ። በጠርሙሱም ከጠፋች ፓምፑን ይፍቱት። ይህን ብቻሽን አትሞክሪው። ጠርሙሱን ከጭስ ማውጫውና ከኮይሉ አርቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ሲጋራ የለም፣ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር። ሞተሩ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን እያፈሰሱለት አይነሳ፤ እሳት ወደ ኋላ ከተፋ ፊት ነው የሚያቃጥለው። ሞተሪኖውንም ከአሥር ሴኮንድ በላይ አታዙሩት፣ አሳርፉት፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ ሞተሪኖ ይሆናል።

ጉዳዩ ከኋላ ከሆነ መጀመሪያ ማጣሪያው ይቀየር፣ ከኮይል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። የድሮውን አትጣዪው፤ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጠሽ አራግፊው። ቡናማ ዱቄት ከወረደ ታንከሩ ወርዶ መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ አዲሱም ማጣሪያ በሳምንቱ ይሞላል። ታንከሩ ሾልኮ ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ እሳት የሚያስጠጋ ሰው እንዳይኖር አደራ። ባዶ የቤንዚን ታንከር ውስጡ በሚቀረው የቤንዚን ትነት ምክንያት ከሙሉው ይልቅ የሚፈነዳ ነው። በደንብ አጥቦና ትነቱን አውጥቶ ለሚሠራ ባለሙያ ብቻ ስጪው።

ባልሽ ስላለው ኮምፒውተር፣ በቅንነት ነው የተናገረው፣ ግን ያንቺ ዲኤክስ ኮምፒውተር የሚሰካበት ቀዳዳ የላትም። ያ መሰኪያ በአሜሪካ እንኳ ለሁሉም አዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በእሷ ዘመን ኮምፒውተሩ ሰው ነበር። ሌላ መካኒክ ማየት ቢያስፈልግ እንኳ ካርቡሬተር የሚያውቅ እጅ ፈልጊ።

ለባልሽ የምትሰጪው ነገር ግን አለ፤ ገደብ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በሉና በብርና በቀን ቁረጡት፤ ይህን ያህል ብር፣ እስከዚህ ቀን፣ ከዚያ ካልሆነ ቀጣዩን አብረን እንወስናለን። ስለ መሸጥ ካነሳ ደግሞ አትጩሂበት። የማትሄድ መኪና ዋጋዋ ይወርዳል፤ የምትሄደው ነች ዋጋ የምታወጣ፤ ስለዚህ ብትሸጥም ባትሸጥም መጠገኑ ይቀድማል በይው። ሊብሬው በአባትሽ ስም እስከሆነ ድረስ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው፤ ግን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ቁልፉን ሲሰጡሽ ምን አስበው ነበር? ምናልባት ካንቺ በላይ መሸጧን የተቀበሉት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምናልባትም ሞተሯን በየጠዋቱ መስማት ነው የፈለጉት። እኔ ሁለቱንም ዓይነት አባት አውቃለሁ።

የተባለው ቀን ደርሶ ካልተሳካ ጋሼን ሳትደብቂ አድርጊው። «ሌላ ሰው እንጠይቅ፣ አብረውኝ ይምጡ» በያቸው፤ መንገዱን እሳቸው ይምሩ፣ የተቀየረውንና ያልተቀየረውን እሳቸው ይንገሩት። አዲሱን መካኒክም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ምርመራው ስንት እንደሆነ ጠይቂው፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ አስመልሺ።

ለሃይላንዱ ሙከራ እሑድን ምረጪ፤ ማንም አይቸኩልም። የአባትሽን ወንበር ድምፁን ወደሚሰሙበት ቅርብ አውጪላቸው፣ ሳሉ ሲጀምር ከሁላችሁም ቀድመው የሚለዩት እሳቸው ይሆናሉ። ቡናውም አይቅር፣ የከሰሉ ምድጃ ብቻ ከመኪናዋ ራቅ ብሎ በረንዳው ላይ ይሁን።